የገንዳ ድንጋዮችን ለማያያዝ የትኛው ማጣበቂያ ለዓሣ ይስማማል?

ጀማሪው ገንዳ (ጥያቄ)

ውድ የመድረኩ አባላት፣ 240 ሊትር ውሃ በሚይዝ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ለማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶች መሸሸጊያ የሚሆን አንድ ዋሻና ከላዩ የሚያልፍ ቅስት ለመሥራት እየተዘጋጀሁ ነው። የመረጥኩት የኖራ ድንጋይ ሲሆን ሁሉም በአንድ ላይ 35 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ትልቁ ድንጋይ ብቻውን 10 ኪሎ ግራም ነው። እነዚህ ዓሣዎች አሸዋ በመቆፈር የታወቁ ስለሆኑ፣ ድንጋዮቹን እንዲሁ ደራርቤ ብተዋቸው አንድ ቀን ተንደው መስታወቱን ይሰብሩብኛል ብዬ ሰግቻለሁ።

በእጄ ያሉት አራት ነገሮች ናቸው፦ ለመታጠቢያ ቤት የሚያገለግል ሲሊኮን፣ ተራ ሱፐር ግሉ፣ ብረት ለመጠገን የሚሸጥ ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ (ሁለቱ ክፍሎች ሲቀላቀሉ የሚጠነክር ማጣበቂያ) እና ሲሚንቶ። በሲሊኮኑ ቱቦ ላይ «ከደረቀ በኋላ መርዛማ አይደለም» የሚል ጽሑፍ አለ። ይህ ጽሑፍ ለዓሣም ይሠራል ወይ? ከአራቱስ የትኛውን ብጠቀም ይሻላል? ምክንያቱን ጭምር ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ፤ ምክንያቱን ካወቅሁ ወደፊት ሌላ ቱቦ ስገዛ ራሴን ችዬ መምረጥ እችላለሁና።

ነጭ አሸዋ

እንኳን ደህና መጡ። ከአራቱ ሁለቱን አሁኑኑ ወደ ጎን ያድርጓቸው፦ የመታጠቢያ ቤቱን ሲሊኮንና የብረት መጠገኛውን ኢፖክሲ።

ሲሊኮን ራሱ፣ ማለትም ደርቆ እንደ ጎማ የሚሆነው ዋናው ቁስ፣ ለዓሣ ጎጂ አይደለም፤ የገንዳዎ መስታወቶች እርስ በርስ የተያያዙትም በእሱ ነው። ችግሩ ያለው በተጨማሪዎቹ ላይ ነው። ለመታጠቢያ ቤትና ለማዕድ ቤት የሚዘጋጁት አብዛኞቹ ሲሊኮኖች ሻጋታ እንዳይበቅልባቸው ፀረ ሻጋታ ኬሚካል ይቀላቀልባቸዋል፣ ይህም ኬሚካል ሥራውን የሚሠራው ከደረቀው ሲሊኮን ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ገጽታው እየወጣ ነው። በመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ይህ ጠቀሜታ ነው፤ በተዘጋ ውሃ ውስጥ ግን ለወራት የሚቀጥል መርዝ ማለት ነው። «መርዛማ አይደለም» የሚለው ጽሑፍ የተጻፈው ቁሱን አንዳንዴ በእጁ ለሚነካው ሰው እንጂ ሌት ተቀን በዚያው ውሃ በስንጥቡ ለሚተነፍስ ዓሣ አይደለም። ስለዚህ ለዓሣ ገንዳ እንደሚሆን በግልጽ ያልተጻፈበትን ሲሊኮን ቢያንስ የደህንነት መረጃ ቅጹን ሳያነቡ አይጠቀሙበት፤ «100 በመቶ ሲሊኮን» የሚለው ቃል ብቻውን ፀረ ሻጋታ የለውም ማለት እንዳልሆነም ያስተውሉ።

የብረት መጠገኛ ኢፖክሲን በተመለከተ፣ ጥንካሬ እንዲኖረው የብረት፣ የአሉሚኒየም ወይም የመዳብ ዱቄት ይጨመርበታል። በተለይ መዳብ ለሽሪምፕ፣ ለቀንድ አውጣና ለኮራል በጣም አነስተኛ መጠን እንኳ ቢሆን ገዳይ ነው። ዛሬ ሲክሊድ ብቻ ቢያረቡም ነገ ቀንድ አውጣ ማስገባት ሊፈልጉ ይችላሉ፤ ድንጋዩ ደግሞ ያው ድንጋይ ሆኖ ይቀጥላል።

ድንጋይ ደርዳሪ

ነጭ አሸዋ ስለ ኬሚካሉ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። እኔ ግን ከኬሚካሉ በፊት መነሳት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ ባይ ነኝ፤ ማጣበቂያው ምን እንዲሸከም ነው የሚፈለገው?

ድንጋይ ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚያፈናቅለውን ውሃ ያህል ክብደት ይቀንሳል። ጥቅጥቅ ያለ የኖራ ድንጋይ ከውሃ 2.7 ጊዜ ያህል ይከብዳል፣ ስለዚህ የእርስዎ 10 ኪሎ ግራም ድንጋይ በውሃ ውስጥ የሚጫነው 6.3 ኪሎ ግራም ያህል ብቻ ነው። ይህን ሰዎች ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ነገር ግን ገንዳውን ለማጽዳት ውሃውን ዝቅ ባደረጉ ቁጥር የተቀነሰው ክብደት ተመልሶ በመጋጠሚያው ላይ ያርፋል። ቅስቶች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት ውሃ በሚቀየርበት ዕለት የሆነው ለዚህ ነው፤ በዚያ ላይ እጅ ይነካቸዋል፣ ቱቦ ይጎትታቸዋል። ማጣበቂያው ሞልቶ በተቀመጠ ገንዳ ውስጥ ለዓመት ቢይዝ ባዶ ገንዳ ውስጥ ይይዛል ማለት አይደለም።

ስለዚህ የምመክርዎ እንዲህ ነው። ድንጋዮቹን መጀመሪያ ያለ ምንም ማጣበቂያ፣ ከገንዳው ውጭ፣ በወፍራም ጨርቅ ላይ ይደርድሯቸው። እያንዳንዱ ድንጋይ ከሥሩ ካለው ጋር ቢያንስ በሦስት ነጥብ መነካካት አለበት፤ በሁለት ነጥብ የተቀመጠ ድንጋይ ይወዛወዛል። በእጅዎ መዳፍ ቀስ ብለው ሲገፉት የሚንቀሳቀስ ካለ አዙረው ሌላ ፊቱን ይሞክሩ። በደረቁ ያልቆመ ድርድር በማጣበቂያ ይቆማል ብዬ አላምንም፤ ማጣበቂያው የቆመውን ነገር ከመንሸራተት የሚከላከል እንጂ የሚወድቀውን የሚሸከም መሆን የለበትም።

የታችኛዎቹ ድንጋዮች ደግሞ በአሸዋ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በገንዳው ወለል ላይ፣ ወይም በወለሉ ላይ በተነጠፈ ስስ የፕላስቲክ ሉህ ላይ ይረፉ፣ አሸዋው ከዚያ በኋላ ዙሪያውን ይፍሰስ። የቆፋሪ ዓሣ ሥጋት በዚህ ብቻ ከግማሽ በላይ ይቃለላል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ይህን ከማጣበቂያ ምርጫ አስቀድመው ያድርጉት።

ጀማሪው ገንዳ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በደረቁ ደርድሬ ሞከርኩት፣ ዋሻው ያለ ምንም ችግር ቆመ፤ ቅስቱ ግን የላይኛው ድንጋይ በሁለት ነጥብ ብቻ ስለሚያርፍ ይወዛወዛል። ስለ ሱፐር ግሉና ስለ ሲሚንቶ ግን ገና አልተመለሰልኝም። ሐኪሞች ቁስል በሱፐር ግሉ እንደሚዘጉ ሰምቻለሁ፣ ይህ እውነት ከሆነ ለዓሣም ሙሉ በሙሉ አስተማማኝ ነው ማለት አይደለም?

ኮራል ተካይ

እኔ የባሕር ውሃ ገንዳ ስላለኝ የኮራል ቁርጥራጮችን በድንጋይ ላይ የምተክለው በሱፐር ግሉ ነው፣ ስለዚህ ይህን ጥያቄ ልመልስ።

ሱፐር ግሉ የሚባለው ሳያኖአክሪሌት ነው። ይህ ውህድ በ1942 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዊው ኬሚስት በሃሪ ኩቨር ቡድን እጅ ገብቶ የነበረ ሲሆን፣ የነካውን ሁሉ እያጣበቀ ስላስቸገረ በዚያን ጊዜ ተትቶ በ1958 እ.ኤ.አ. ነው እንደ ማጣበቂያ ለገበያ የቀረበው። ስለ ቁስል የሰሙትም እውነት ነው፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር 2 ኦክቲል ሳያኖአክሪሌት የተባለውን ዓይነት ለቁስል መዝጊያ በ1998 እ.ኤ.አ. ፈቅዷል። ይሁን እንጂ በሱቅ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ ኤቲል ሳያኖአክሪሌት ነው፣ ይህም የሚሰባበርና በሕክምናው ደረጃ ያልተዘጋጀ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሐኪም ተጠቅሞበታል የሚለው ማስረጃ ስለ እርስዎ ቱቦ ብዙ አይነግረንም። ይልቅስ የሚያሳምነኝ ሌላ ነገር ነው፦ ሳያኖአክሪሌት የሚጠነክረው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ስለተነነ ሳይሆን እርጥበት ሲነካው ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ገጽታው ወዲያው ይጠነክራል፣ ወደ ውሃው የሚገባው ነገርም በጣም ጥቂት ነው። የኮራል አርቢዎች ለብዙ ዓመታት ሲጠቀሙበት የቆዩትም ስለዚህ ነው።

የሚመረጠው ግን ቀጭኑ ፈሳሽ ሳይሆን ወፍራሙ፣ ጄል የሚባለው ነው። ቀጭኑ ወደ ቀዳዳዎቹ ሰርጎ ይጠፋል፤ ጄሉ ባለበት ይቆያል።

ድክመቱን ደግሞ ልደብቅዎ አልፈልግም። ሱፐር ግሉ ጥንካሬው ሁለት ፊቶች በደንብ ተገጣጥመው በመካከላቸው ስስ ንጣፍ ሲኖር ነው። ሻካራ ድንጋዮች ግን የሚነካኩት በጥቂት ጉብታዎች ብቻ ነው፣ የቀረው ክፍተት ነው፤ በክፍተት ውስጥ የተከማቸ ሱፐር ግሉ እንደ መስታወት ይሰበራል። ቀጥታ ሲጎተት በመጠኑ ይይዛል፣ ከጎን ሲመታ ወይም ሲጠመዘዝ ግን ቶሎ ይለቃል። በውሃ ውስጥም በረዥም ጊዜ እየደከመ ይሄዳል። ለ2 ሴንቲ ሜትር ኮራል ይህ ምንም አይደለም፣ ለ10 ኪሎ ግራም ድንጋይ ግን በሱ ብቻ አልተማመንም።

ክፍተቱን የሚሞላው ለገንዳ ተብሎ የሚዘጋጀው ኢፖክሲ ሊጥ ነው። ሁለቱ ክፍሎች በእጅ ታሽተው አንድ ቀለም ሲሆኑ ሥራ ይጀምራሉ፣ ውሃ ውስጥም ይጠነክራሉ። ይህ ሊጥ ግን ራሱ እምብዛም አይጣበቅም፣ የሚይዘው በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ እንደ ቁልፍ ስለሚቆልፍ ነው። ሁለቱን አዋሕዶ መጠቀም ጥሩ ነው፤ በድንጋዩ ላይ ሱፐር ግሉ ጄል፣ ከላዩ የታሸ ሊጥ፣ በሊጡ ላይ እንደገና ጄል፣ ከዚያ ሌላኛው ድንጋይ። ጄሉ ሊጡ እስኪጠነክር ይይዛል፣ ሊጡ ከጠነከረ በኋላ ክፍተቱን ይሸከማል።

ሊጡን ሲያሹ ጓንት ያድርጉ፤ ያልደረቀ ኢፖክሲ ቆዳን የማስቆጣትና ዘላቂ አለርጂ የማስከተል ባሕርይ አለው። ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ ብዙ ሊጥ በአንድ ጊዜ ማስገባትም ውሃውን ያደፈርሳል፤ በባሕር ውሃ ገንዳ ውስጥ ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) አረፋ አብዝቶ ይገነፍላል። እርስዎ ገንዳው ገና ባዶ ስለሆነ ከውጭ ሠርተው አድርቀው ማስገባት ይችላሉ፣ ይህ ትልቅ ዕድል ነው።

ሽሪምፕ አርቢ

ስለ ሲሚንቶ እኔ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ትምህርቱ በብዙ ሽሪምፕና ዓሣ ሕይወት የተገኘ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት በሲሚንቶ የተያያዘ ዋሻ ሠርቼ፣ ከአምስት ቀን በኋላ ደርቆ ድንጋይ ስለመሰለኝ 90 ሊትር በሚይዝ ለስላሳ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስገባሁት። የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ወይም የአልካላይነቱ መለኪያ፣ 7 አካባቢ ነበር። በሦስተኛው ቀን ሽሪምፖቹ መብላት አቆሙ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት አብዛኞቹ ሞተው አገኘኋቸው፣ ዓሣዎቹም በውሃው ገጽ ላይ ያለከልኩ ነበር። ስለካው ፒኤቹ ከ9 በላይ ወጥቷል።

ምክንያቱን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሲሚንቶ ሲጠነክር ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም የሟሟ ኖራ ዓይነት ንጥረ ነገር፣ ይፈጥራል፣ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ያለው ውሃ ፒኤችም ከ12 በላይ ይሆናል። ይህ ወደ ገንዳው ይወጣል። የፒኤቹ መጨመር በራሱ ጎጂ ሆኖ ሳለ ሌላም ጣጣ ያስከትላል፦ በገንዳ ውስጥ ያለው፣ ከዓሣ ቆሻሻ የሚመነጨው አሞኒያ በ25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ፒኤች 7 ላይ መርዛማ በሆነው መልኩ የሚገኘው ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ፒኤች 8 ላይ 5 በመቶ ያህል፣ ፒኤች 9 ላይ ደግሞ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ይሆናል። ትናንት ምንም ያልጎዳቸው የአሞኒያ መጠን ዛሬ ይገድላቸዋል ማለት ነው።

ሲሚንቶ ጨርሶ አይሁን አልልም። ለረዥም ጊዜ ከተዘፈዘፈ በጣም ጠንካራና ዘላቂ መጋጠሚያ ይሆናል፣ ውሃቸው ጠጣርና ፒኤቹ ከፍ ያለ ለሆነው ለእርስዎ የማላዊ ዓሣዎችም ከእኔ ሽሪምፖች ይልቅ ይስማማል። ነገር ግን የሲሚንቶ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው፣ ዘፈዘፋውም ሳምንታት ይፈልጋል። ፀረ ሻጋታ ወይም ሌላ ተጨማሪ የሌለበት ንጹሕ ሲሚንቶ መሆን አለበት። በባልዲ ወይም በርሜል ውስጥ ዘፍዝፈው በየጥቂት ቀኑ ውሃውን ይቀይሩ፤ በመጨረሻ በአዲስ ውሃ ውስጥ ለአንድ ሳምንት ሳይቀየር ቆይቶ ፒኤቹ ካልተነቃነቀ ያን ጊዜ ወደ ገንዳው ይግባ። እኔ ያልለካሁት ይህን ነበር።

ነጭ አሸዋ

ስለደረሰብዎት በጣም አዝናለሁ፣ በዝርዝር ስለጻፉልንም አመሰግናለሁ። በዚሁ ላይ ጀሶን ማንም እንዳይሞክር ልጨምር፤ ጀሶ ካልሲየም ሰልፌት ስለሆነ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ 2 ግራም ያህል ይሟሟል፣ መጋጠሚያው ራሱ እየሳሳ ይሄዳል። የእንጨት ሥራ ነጭ ኮላም በውሃ ይለሰልሳል።

ጀልባ ጠጋኝ

አንድ ነገር ላርም። በዚህ ውይይት በቀጥታ ባይነሳም፣ የሆምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ለዓሣ አደገኛ ነው፣ ሽታ የሌለው ይሻላል የሚል አስተያየት በየቦታው አነባለሁ። ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው። የሆምጣጤ ሽታ ያለው ሲሊኮን ሲደርቅ የሚለቀው አሴቲክ አሲድ ነው፤ በአየር ላይ ሳለ ይወጣል፣ የቀረውም በውሃ መለዋወጥ ይሄዳል፣ ከዚያ የሚቀር ነገር የለም። ሽታ የሌላቸው ከሚባሉት መካከል ግን ኦክሲም የተባለ ኬሚካል የሚለቁ አሉ፣ አንዳንዶቹም ማድረቂያ እንዲሆናቸው የቲን (የቆርቆሮ ማዕድን) ውህድ ይይዛሉ። የቲን ውህዶች በውሃ ሕይወት ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የታወቀ ነው፤ ትራይቡቲልቲን የተባለው በመርከብ ቀለም ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2001 እ.ኤ.አ. ተፈርሞ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ ውሏል። በሲሊኮን ውስጥ የሚገባው ያው ውህድ ባይሆንም፣ ሽታ አለመኖሩን እንደ ደህንነት ማረጋገጫ መቁጠር ስሕተት ነው። ወሳኙ ጥያቄ ተጨማሪው ምንድን ነው የሚለው ነው።

የገንዳ ሲሊኮንም ቢሆን ለድንጋይ የሚሆነው ድንጋዩ ፍጹም ደረቅና ከአቧራ የጸዳ ሲሆን ብቻ ነው። የሚደርቀው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ በአየር ውስጥ ባለው እርጥበት ነው፤ በቀን 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ውፍረቱ ሲጨምርም እየዘገየ። በሁለት ድንጋዮች መካከል የተቀበረ ወፍራም ሲሊኮን ከላይ ደርቆ ከውስጥ ለሳምንታት እርጥብ ሊሆን ይችላል። ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ይጠብቁ፤ አፍንጫ እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ጥቅሙ ግን ተለማጭነቱ ነው፣ ድንጋይ ሲመታ ሱፐር ግሉ በሚሰበርበት ቦታ ሲሊኮን ይለጠጣል።

ኮራል ተካይ

ትክክል ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ረስቼ ነበር፤ ክፍተት ለመሙላት ጥጥ በሱፐር ግሉ የሚያርሱ ሰዎች አሉ። ሱፐር ግሉ ከጥጥ ጋር ሲገናኝ ቆዳ እስኪያቃጥልና እስኪጨስ ድረስ በኃይል ይሞቃል፣ የሚወጣው ጭስም ዓይንና ሳንባን ያስቆጣል። በቤኪንግ ሶዳ ላይ ማንጠባጠብም ወዲያው ያጠነክረዋል፣ እሱም ይሞቃል። የሚያደርግ ሰው ጥቂት በጥቂት፣ ነፋሻ ቦታ ላይ፣ ጣቱን አርቆ ያድርግ፤ የጥጥ ጓንት ደግሞ በፍጹም አይልበስ።

ጀማሪው ገንዳ

ምክራችሁን ሁሉ ደጋግሜ አነበብኩ። የመታጠቢያ ቤቱን ሲሊኮንና የብረት ኢፖክሲውን ትቻቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቀኛል፤ ቅስቱን መተው አልፈልግም፣ የላይኛው ድንጋይ ግን በሁለት ነጥብ ብቻ ነው የሚያርፈው።

ድንጋይ ደርዳሪ

መተው የለብዎትም፤ ሸክሙን ከማጣበቂያው ላይ ያንሱት እንጂ። ሁለቱ ተሸካሚ ድንጋዮችና የላይኛው ድንጋይ በሚነካኩበት ቦታ በድንጋይ መብሻ 8 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ቀዳዳ ይብሱ። ቀዳዳዎቹ ውስጥ የፋይበርግላስ ወይም የአክሪሊክ ዘንግ ያስገቡ፤ ብረት ይዝጋል፣ ስለዚህ አይሁን። ድንጋዩ ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው ያን ጊዜ ዘንጉ ነው፣ ኢፖክሲ ሊጡ ዘንጉ እንዳይወዛወዝ ቀዳዳውን ብቻ ይሞላል። ሲበሱ በመብሻው ላይ ውሃ ጠብ ጠብ የሚያደርግ ረዳት ይኑርዎት፣ ዓይንዎንና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፣ በመዶሻ ስልት ሳይሆን በማዞር ብቻ ይብሱ፤ የኖራ ድንጋይ በመዶሻ ስልት ይሰነጠቃል። ከበሱ በኋላ ዱቄቱን በብሩሽና በውሃ በደንብ አጥበው ያድርቁት። አብዛኛው «ማጣበቂያው ከዳኝ» የሚል ቅሬታ ሲመረመር ማጣበቂያው የያዘው ዱቄቱን እንጂ ድንጋዩን አልነበረም።

ጀማሪው ገንዳ

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቅስቱን በሁለት የፋይበርግላስ ዘንግና ለገንዳ በተዘጋጀ ኢፖክሲ ሊጥ አያያዝኩት፣ ለዋሻው ሱፐር ግሉ ጄልና ሊጥ በጥቂት ቦታ ብቻ ተጠቀምኩ። ሁሉንም ለአንድ ሳምንት በአየር ላይ ካደረቅሁ በኋላ በትልቅ በርሜል ውስጥ ዘፈዘፍኩት፤ በሰባት ቀን ውስጥ ፒኤቹ ከ8.0 ወደ 8.1 ብቻ ወጣ፣ ውሃውም አልደፈረሰም፣ አልሸተተምም። ከዚያ ድንጋይ ደርዳሪ ስለ ውሃ መቀየሪያ ቀን የጻፉትን አስታውሼ ገንዳውን ከሞላሁ በኋላ እስከ አሸዋው ድረስ አጎደልኩት፣ ቅስቱንም በዚያው ባዶነቱ አንድ ሌሊት ተውኩት። ጠዋት በመዳፌ ስገፋው አልተንቀሳቀሰም። ዓሣዎቹን የማስገባው ማጣሪያው ከበሰለ፣ ማለትም አሞኒያን የሚያስወግዱት ባክቴሪያዎች ከተራቡበት በኋላ ነው።